የድህነት ምስክር

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ያን የየካቲት ቅዳሜ ነው... ግን እሱን ተወው። አካም ቡልቴ፣ ዘርሁን? ባጃጇን ዛሬ አሳረፍካት? ደግ አደረግህ። ከገፈርሳ የሚመጣው ንፋስ እዚህ ቀበሌ ግቢ ሲደርስ እንዴት እንደሚቆርጥ አየህ? ና፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጥ። ሊቀመንበሩ ሳይመጣ ስብሰባው አይጀመርም።

ዛፉ ስር የተቀመጡት ሽማግሌ ወደኛ ዞር አሉ? ኧረ እኔ ስለ እሳቸው አላወራም! የማወራልህ ስለ አንድ ሌላ ደግ ሰው ነው። የራሳቸው ነገር ከመሰላቸው... ምን ላድርግ? ቡራዩ ውስጥ ደግ ሰው በዝቷል።

እኚህ የምነግርህ ሰው አንደበታቸው ማር ነው። ከተማውን ወደ እርሻችን የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ገና ወሬ ሳለ ቤት ለቤት እየዞሩ «ካሣውን ውሰዱ፣ ልማት ነው» ሲሉ ገበሬውን ያስተማሩ ናቸው። እናቴም ሰማቻቸው። ኋላ ፕላኑ ቀርቷል ሲባል ሁላችንም አጨበጨብን፤ የእናቴ መሬት ብቻ ወሬውን ሳይሰማ ሄዶ ነበር። ዛሬ እዚያ መሬት ላይ የማን የኪራይ ቤቶች እንደቆሙ ልጠይቅህ? አልጠይቅህም። በረከት ነው።

እና ያን ቅዳሜ፣ ለችግረኛ የወር ድጋፍና ነጻ ሕክምና ይሰጣል ተብሎ ሕዝቡ እዚሁ ግቢ ተጠራ። አሠራሩን ታውቀዋለህ፤ ስም ይጠራል፣ ጎረቤት ይነሳና «አዎ፣ ድሃ ናት» ብሎ ይመሰክራል። ሰው ሁሉ ከቤቱ ያለውን ቡትቶ መርጦ ለብሶ መጣ። የኔ እናት ምን አደረገች? ነጠላዋን አጥባ፣ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ መጣች! አገር በተሰበሰበበት እንዴት በእድፍ ይኬዳል? ያጫወተችኝ ጎረቤታችን ቦሰና ናት። እኔማ የት ነበርኩና? ፕላኑን በተቃወመው ሰልፍ ሰበብ ታስሬ መንግሥት ራሱ ይቀልበኝ ነበር... ማደሪያ በነጻ፣ ዳቦ በነጻ። ዲግሪ ከያዝኩ ወዲህ ካገኘሁት ድጋፍ ሁሉ የተሟላው እሱ ነው።

ስሟ ሲጠራ እኚያ ደግ ሰው ተነሱ። ሰደቧት? በጭራሽ! አወደሷት እንጂ። «ይህችን የመሰለች የተከበረች ሴት ድሃ ማለት ሰፈሩን መስደብ ነው። ልብሷን እዩት! ልጇ ዲግሪ አለው! እሷ ለሰው ትተርፋለች እንጂ...» ተጨበጨበ። እንዲህ ተከብራ «የለም፣ ርቦኛል» ትበል? እጅ ነስታ ተቀመጠች።

ቀጥሎ የእህታቸው ስም ተጠራ። ለእሷ ሲመሰክሩ ክርኑ የተቀደደ ኮት ነበር የለበሱት አሉ። ያን ኮት አውቀዋለሁ፤ ዘወትር ዘበኛቸው ትከሻ ላይ ነው የማየው። ትሕትና ነው፣ ሌላ ምን ይባላል? እህትየው ተመርጣ አለፈች። ይገባታል፤ ፎቅ ቤት እኮ ወጪው ብዙ ነው።

ስፈታ እናቴን የስኳር መድኃኒቷን አንድ ቀን እየዋጠች አንድ ቀን እየዘለለች አገኘኋት። ከተማ አስተዳደር ሄድኩ፣ «ቀበሌህ ይወስን» አሉኝ። ቀበሌው «ሕዝቡ ወስኗል» አለኝ። ሕዝቡን የት ቢሮ ሄጄ ላግኘው? አሁን ቀኝ ዓይኗ አያይም። መድኃኒቱ ከተቋረጠ ግራውም ይከተላል ብሏል ሐኪሙ። «ዛሬ እንደገና ምልመላ አለ» ስላት ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? «ነጠላዬን እጠብልኝ።»

ይኸው፣ ሊቀመንበሩ መጣ። ለምስክርነት ዛሬም ማን እንደተጠራ አየህ?

አባቴ፣ ከዛፉ ስር የተነሱት! አዎ፣ አንቱን ነው። ከመግባትዎ በፊት አንዴ ይቁሙልኝ፣ ልመርቅዎ። ዕድሜ ከጤና ይስጥዎ። ቤትዎ ይሙላ። ክፉ ቀን የመጣብዎ ዕለት ደግሞ፣ አንቱ ለእናቴ እንደቆሙላት አድርጎ የሚቆምልዎ ጎረቤት አያሳጣዎ። እንዳከበሯት ያክብርዎ...

ምነው ቸኮሉ? ሰው ሲመረቅ እኮ ይመልሳል። ይህ ሁሉ ሰው ቆሞ እየሰማ ነው፤ አሜን ይበሉ እንጂ!