ሙሽራ ያስቆመው ትራፊክ

ከደብረ ታቦር ወደ ጋሳይ በሚኒባስ ስንሄድ፣ ከፊት የመጣ ሌላ ሚኒባስ መብራቱን ብልጭ ብልጭ አደረገ። የእኛ ሾፌር ወዲያው ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ምነው ቀዘቀዝክ ልጄ?» አሉ ከኋላው የተቀመጡት እናት።

«ትራፊክ አለ እማማ። እነሱ ለመንግሥት ገቢ ሲሰበስቡ ነው የሚውሉት። ዘመዳቸውን ግን አይነኩም!»

«መታጠፊያው ላይ የሚቆመው ረጅሙ የኔ ልጅ ነው።»

«ውይ! ይቅር ይበሉኝ!»

«ምን ይቅርታ አለው፣ እኔም ሰድቤዋለሁ። እህቱን የዳርን ዕለት፣ የሙሽራዋ መኪና ጥሩንባውን እየነፋ ሲበር አያስቆመው መሰለህ!»

«የገዛ እህቱን?»

«የሚነዳው ደግሞ አጎቱ፣ የኔ ወንድም ነው። እልልታዬን አቋርጬ በመስኮት ‹ምነው፣ ጡቴን አልጠባህም?› አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«‹ጠብቻለሁ እማዬ፤ እህቴ በደህና ትግባ› ብሎ አጎቱን ቀጣው።»

«ታዲያ አልተኳረፋችሁም?»

«ላኮርፍ ነበር። ከሥራ ሲወጣ ከነደንብ ልብሱ ዳሱ ውስጥ ገብቶ እስክስታ ወረደ። ቀድሞ ተነሥቶ አብሮት የወረደው ማን መሰለህ? ያው የተቀጣው አጎቱ!»

ሚኒባሱ በሳቅ ሞላ። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ማንም አልነበረም።

«ሄዷል፤ በል እንግዲህ ንዳው» አሉ እናት።

ሾፌሩ ፍጥነቱን አልጨመረም።

«እርስዎን የመሰለ ሙሽራ ይዤ እንዴት ብዬ!»

እሳቸው እልል ሲሉ፣ ጋቢና የተቀመጥኩት እኔ ቀበቶዬን ቀስ ብዬ አሰርኩ።