ከአካፋው ጥላ ሥር

እታለም፣ መጣሽ? ግቢ፣ ግቢ... በዚህ በኩል ዞረሽ ነይ፤ በሎደሩ አካፋ ሥር አትለፊ። ኧረ ምንም አልሆነም፣ ለወጉ ነው! ጉንፋኑ ለቀቀሽ? ባልሽስ ደህና ነው? የአጥራችሁን ድንጋይ ነገ በዚሁ ሎደር እናነሳላችኋለን መሰለኝ... እሰይ፣ እንኳን ደረሰላችሁ።

እኔማ እንደምታዪኝ ነኝ። ጉልበቴ ሲንኳኳ ጎረቤት "ማነው?" ብሎ በር ይከፍታል። ዕድሜዬን ሙሉ ሎደር ነድቼ፣ ተራራውን ሜዳ አድርጌ፣ ዛሬ የጫማዬ ክር ላይ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ያ ሐኪም ጉልበቴ ውስጥ ብረት ያስገባ ጊዜ ስንቴ አሰበ፣ ስንቴ ለካ፣ ስንቴ አጠበ... አሁን ሳስበው ምን ያለ ፈሪ ነበር! ላዩን በይዶ ቀለም ቢቀባኝ ኖሮ እስካሁን ስዘል ታዪኝ ነበር።

ጮህኩ እንዴ? ይቅርታ፣ ጆሮዬ ደንቁሮ እኮ ነው። እዚያ ሎደሩ ሥር የተጋደመ ሰው እንዲሰማኝ ብዬ አይደለም... ስም ጠራሁ? አልጠራሁም። ልጄን ያገባ ሰው ልጄ ነው፤ ሰው ልጁን ያማል?

ነገሩማ ምን መሰለሽ፣ ያ አካፋውን ከክንዱ ጋር የሚያያይዘው ብረት፣ ጣት የሚያሾልክ ስንጥቅ አወጣ። እኔ ጅሉ፣ "ፈትተን ቶርኖ ቤት እንውሰደው፣ አዲስ ይቅረጹልን" አልኩ። ለካ ባለሙያው እቤቴ ነበር! ግራሶው ሳይጠረግ፣ ስንጥቁ ሳይሞረድ፣ ብየዳውን ለቀቀበት። ብልጭታውን ብታዪ! ፀሐይዋ አፍራ ደመና ውስጥ ገባች። ከዚያ ብረቱ ሳይቀዘቅዝ ቢጫ ቀለም። "ሙያ በልብ ነው" ያሉት እኮ ቀለም ያጡ ሰዎች ናቸው። አይመስልሽም? ቀለሙ ትንሽ ኩፍ ኩፍ ብሏል... ለብረት መቼም ያምርበታል።

ደግሞ ሳይሞክረው ቀረ እንዳትይ። ሞክሮታል! የልጄን የአበባ ማሰሮ አካፋው ላይ አስቀምጦ ሽቅብ አነሳው። ብረቱ ቻለ። ማሰሮው ብቻ ወርዶ ተከሰከሰ። እኔ አፌ አያርፍም፣ "የእህቴ ድንጋይ ከአበባ ትንሽ አይከብድም?" ብል፣ "አባባ፣ እርስዎ የድሮ ሰው ነዎት፤ ይሄ አሁን ዝሆን ያነሳል" አለኝ። እውነቱን ነው፤ የድሮ ሰው ነኝ። እኛ ብረት ሲሰነጠቅ የምንደነግጥ፣ ኋላ ቀሮች። "ሲሮጡ የበየዱት ሲሮጡ ይፈታል" ያለው ማን ነበር?... ምቀኛ መሆን አለበት።

ታዲያ ነገ ባልሽ እንደ ልማዱ ከአካፋው ሥር ቆሞ "ና፣ ና፣ በቃ!" እያለ ሊመራኝ ነው፣ አይደል? ተይው፣ ይረፍ። ዳር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ። እኔ ፈሪው መሪውን እይዛለሁ፤ ፈሪ ምንጊዜም ቦታ መርጦ ነው የሚቀመጥ። ከሥር ለመቆምማ ከሠራው ሰው የተሻለ ማን አለ? ሥራውን የሚያምን፣ ቀና ብሎ ብየዳውን እያየ ደስ የሚለው...

ቆይ፣ ምንድነው የሚንኳኳው? የኔ ጉልበት ነው?... አይደለም። መፍቻ ነው እንዴ? እየፈታው ነው? ኧረ ተው በይው፣ እታለም! እንዲህ ያለ ሥራ ይፈታል? ዝሆኑስ ምን ይበል? ምን ሰምቶ ነው... እኛ ስለ ጉንፋን አይደለም እንዴ የምናወራው?

እሺ፣ ቶርኖ ቤት ለመሄድ ከሆነ መንገዱን ያቅናለት። ጎበዝ ልጅ ነው። ፈጣሪ እጁን ይባርከው። ዕድሜውን እንደኔ ሽበት ያብዛለት። ደግሞም ዘመኑን ሁሉ... በገዛ እጁ ሥራ ጥላ ሥር ያኑረው!

አሜን በይ እንጂ፣ እታለም።