ተጠየቅ በካንሳንጋ

ጋሽ ወልደየስን ያን እሑድ ዝናብ ባይይዛቸው ኖሮ አንዲት ሴት ያለ ጥፋቷ በሰው አገር ሰው አልባ ሆና ትቀር ነበር። ሰው ቆም ብሎ የሚያስበው ወይ ሲታመም ወይ ዝናብ ሲያቆመው ነው። ይህን ማን አለ ብትሉኝ እኔው ነኝ ያልኩት፤ የሰማችሁትን ሁሉ ማን አለ ብላችሁ መጠየቃችሁ ግን ደግ ልማድ ነውና እንዳትተዉት።

ጋሽ ወልደየስ በኡጋንዳዋ ካምፓላ፣ ካንሳንጋ ሰፈር ውስጥ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ የስድሳ ስምንት ዓመት አዛውንት ናቸው። በዚያ ላይ የካምፓላ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሙት የአንድ እድር ዳኛ ናቸው። በታኅሣሥ ወር፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ እንደተፈናጠጡ ሰማዩ ተቀደደ። ነጂው “ሰቦ፣ ጌታዬ፣ ከዚህ ወዲያ አልችልም” ብሎ ከአንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ሥር አወረዳቸውና እሱ ሮሌክስ የሚሉትን በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል ጠባሹ ዘንድ ሄዶ ተጠለለ። የእንቁላሉ ሽታ ጾመኛ አፍንጫቸውን ይፈታተናቸው ጀመር። እሳቸው ግን ሐሳባቸው ሁሉ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ካለችው ደብዳቤ ላይ ነበር፤ እንዳትረጥብባቸው በየደቂቃው ይዳስሷታል።

ደብዳቤዋ ወይዘሮ አለምዘውድ ከእድሩ መሰናበቷን የምትናገር ናት። በስምንት ሰዓት በጠቅላላው ስብሰባ ላይ ልትነበብ ነው። አለምዘውድ እዚያው ካንሳንጋ አነስተኛ ምግብ ቤት ያላት፣ ከአዲስ አበባ ለሕክምና ያስመጣቻቸውን እናቷን እማማ ወርቅውሃን አልጋ ላይ የምታስታምም ሴት ናት። ሐኪሞቹ ስለ እማማ ወርቅውሃ ብዙም ተስፋ አልሰጧትም። በሰው አገር እድር የሌለው ሰው ክፉ ቀን ሲመጣበት ድንኳን የሚተክልለት፣ ሬሳ የሚሸኝለት፣ እዝን ይዞ የሚመጣለት የለም። አለምዘውድ ይህን ስለምታውቅ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልነበራትም።

ጥፋቷስ? ጥፋቷ አንድ ቪዲዮ ነው። ዘመዶቻችን ዘንድ “የእነዚያ ወገን ነው” የሚባል አንድ ዘፋኝ ካምፓላ መጥቶ ዘፍኖ ሄደ። ከዚያ በዩቲዩብ አንድ ቪዲዮ ተለቀቀ። አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ የእነዚያን ባንዲራ እያውለበለበች ትጨፍራለች። ራሷ ላይ ቀይ ክብ ተደርጎባታል፤ ተራኪውም “የካንሳንጋዋ ባለ ምግብ ቤት አለምዘውድ ትባላለች” ይላል። የእድሩ ጸሐፊ ኢዮኤል ቪዲዮውን ለአባላቱ ሁሉ በስልክ በተነው፤ በማግስቱ ምግብ ቤቷ ጭር አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እሷ የሰማችው ከሁሉ በኋላ ነው። “እኔ አይደለሁም” አለች፤ የሚሰማት አጣች።

በረንዳው ሥር ቀድማ የተጠለለች አንዲት ወጣት ነበረች፤ የወዳጃቸው የባምላክ ልጅ ዳግማዊት። የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ደም መርምራ ውጤት ትጽፋለች። ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም መርቀው ወዴት እንደሚሄዱና በኪሳቸው ምን እንደያዙ በኩራት ነገሯት።

“ጋሼ፣ አንድ ነገር ብጠይቅዎ ይቀየሙኛል?”

“ጥያቄ ምን ያስቀይማል፤ ጠይቂ” አሉ፣ ገና ሳትጠይቅ ፊታቸውን አጥቁረው።

“አለምዘውድን እዚያ ጭፈራ ላይ ያዩዋት እርስዎ ነዎት?”

“እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጭፈራ ቤት ምን ልሠራ እሄዳለሁ?”

“ታዲያ ማን አያት?”

“ሕዝብ አያታ። ሦስት መቶ ሺህ ሰው አይቷታል። ሦስት መቶ ሺህ ሰው ይዋሻል?”

“አይዋሽም፤ ግን ሦስት መቶ ሺሁ ሰው ያየው ስልኩን ነው። ሴትየዋን ያየው የቀረጻት ሰው ነው። እሱ ደግሞ ማን እንደሆነ እርስዎም እኔም አናውቅም።”

ጋሽ ወልደየስ ይህን አላሰቡትም ነበር። ብዙዎቻችን አናስበውም። አንድ ወሬ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ሺህ ምስክር የቆመለት ይመስለናል። አሳዛኙ ነገር፣ በገበያ አንድ ኪሎ በርበሬ ሲገዙ ዘንግነው፣ አሽትተው፣ ቀምሰው የሚገዙ ሰው፣ ወሬ ሲሆን እንዲሁ ይውጡታል።

አዛውንቱ ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ አይደሉም። ተራኪው ለወገኑ የቆመ ጀግና መሆኑን፣ የተማሩ ልጆች ሁሉን መጠርጠር ማብዛታቸውን፣ ሁሉ ከተጠረጠረ ደግሞ የሚታመን ነገር እንደማይቀር ረዘም አድርገው ተናገሩ። ዳግማዊት እስኪጨርሱ በትዕግሥት ጠበቀች።

“ጋሼ፣ እኔ ዘንድ በየቀኑ ትኩሳት የያዘው ሰው ይመጣል። እሱም ወባ ነው ይላል፣ ጎረቤቱም ወባ ነው ይላል፣ ያመጣው ቦዳ ነጂም ወባ ነው ይላል። ደሙን ሳላይ ወባ ነው ብዬ ብጽፍለት ያለ በሽታው መድኃኒት ወስዶ ይሞትብኛል። አለማመኔ አይደለም፤ ከማመኔ በፊት ማየቴ ነው። ለአንድ ጠብታ ደም ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ ለሰው ስም እንዴት እናንሳለን?”

“እንዲያው አንቺም ልብሽ ወደ እነዚያ ሳያደላ አይቀርም” አሉ ጋሽ ወልደየስ። ክርክር ሲጠበን ሁላችንም የምንገባባት ቀዳዳ ይህቺው ናት፤ ነገሩን ትተን የተናጋሪውን ወገን መቁጠር።

ዳግማዊት አልተቆጣችም። ይልቅስ አንገቷን ደፋ አድርጋ ለማንም ነግራው የማታውቀውን ነገር ነገረቻቸው። ከሁለት ዓመት በፊት የተቃጠሉ ቤቶች ፎቶ በስልኳ ደርሷት፣ ወገኔ አለቀ ብላ እያለቀሰች ለአርባ ሰው ልካዋለች፤ ያቃጠሉትን ሰዎች ዘርም ጨምራ ረግማለች። ኋላ ፎቶው የሌላ አገር፣ ያውም የዐሥር ዓመት አሮጌ ሆኖ ተገኘ።

“ለአንዳቸውም ተሳስቻለሁ አላልኩም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ዝም አልኩ። እንግዲህ የምጠላቸውን ብቻ ሳይሆን የምወዳቸውንም እጠይቃለሁ ብዬ የማልኩት ያን ጊዜ ነው። ዘፋኙንም ቢሆን ጥሩ ሰው ነው ማለቴ አይደለም፤ አላውቀውም። ግን በልጅዎ ሠርግ ላይ ሚዜ ነበርኩ፤ በእሱ ዘፈን ከረባትዎ እስኪፈታ የጨፈሩት እርስዎ ነዎት። ዘፈኑ ያው ነው። ጥሉት ያለን ሰው ነው አዲስ የመጣው።”

ጋሽ ወልደየስ ሳቃቸው መጣና በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። እውነቷን ነው፤ ከረባቱ ያን ቀን ጠፍቶ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ልጅቱ ሳቃቸውን ስታይ ልብ አገኘችና የሚወዱትን ነገር አነሳችባቸው። አያታቸው በተጉለት በላ ልበልሃ የሚባለውን ሙግት የተካኑ፣ ምስክርን አፋጥጠው እውነቱን የሚያወጡ ነገር አዋቂ ነበሩ። ጋሽ ወልደየስ ይህን ለመላው ካምፓላ ተናግረው ጨርሰዋል።

“ይህ ስልክ አያትዎ ፊት ምስክር ሆኖ ቢቀርብ ምን ይሉት ነበር?” ብላ ቪዲዮውን ከፍታ ከበረንዳው መስኮት ደፍ ላይ አቆመችው።

ይህን ጊዜ አዛውንቱን ደማቸው አታለላቸው። ጋቢያቸውን በትከሻቸው ላይ አስተካክለው ጣሉ፤ ጃንጥላቸውን እንደ ከዘራ ወደ ስልኩ ቀሰሩ። ቦዳ ነጂውና ሮሌክስ ጠባሹ ቀና ብለው ያዩ ጀመር።

“ተጠየቅ!” አሉ ጋሽ ወልደየስ። “ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ስምህ ማን ይባላል?”

“ስሜን አልናገርም” አለች ዳግማዊት በስልኩ ፈንታ።

“ስም የሌለው ምስክር። ይሁን። ፊቷን አየህ ወይስ ጀርባዋን?”

“ጀርባዋን።”

“በጀርባዋ ስሟን እንዴት አወቅህ?”

ዳግማዊት በስልኩ ፈንታ ትከሻዋን ሰበቀች።

“ቀኑስ መቼ ነበር?”

“ባለፈው ወር ነው ከማለት በቀር ተራኪው ቀን አልጠራም” አለችና ዞር ስትል ከኋላቸው፣ ከሱቁ መዝጊያ ላይ፣ የዚያው ዘፋኝ ማስታወቂያ ግማሹ ተቀዶ ተለጥፎ አየች። ቀኑ አልተቀደደም። “ይኸው፣ ኖቬምበር ሃያ አንድ ማታ።”

ጋሽ ወልደየስ እንደ ልማዳቸው በጣታቸው ወደ እኛ ቀን መለሱት። ኅዳር አሥራ ሁለት። ሚካኤል። ጣታቸው አየር ላይ እንዳለ ቀረ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ንጋት ላይ ኪዋቱሌ ሰፈር ለሚኖረው ለእድርተኛው ለሚልኪያስ የአባቱ መርዶ ተነግሯል። መርዶውን የነገሩት ራሳቸው ጋሽ ወልደየስ ናቸው። ማታውን እድርተኛው ሁሉ ድንኳን ውስጥ አድሯል። ከምሽት እስከ ንጋት ንፍሮ ስታዞር፣ ሻይ ስትቀዳ ያደረችው ማን ነበረች? የሌሊቱ ብርድ ሲበረታ እሳቸው ካርታ እየተጫወቱ እግራቸውን ሲያሹ አይታ፣ “ጋሼ፣ ብርድ ይገባዎታል” ብላ የራሷን ጋቢ ያለበሰቻቸውስ? ዛሬ ነገ እመልሳለሁ ሲሉ ወር ያለፈው ጋቢ፣ ይኸው አሁን ትከሻቸው ላይ አለ። ጋቢዋን ለብሰው፣ የስንብት ደብዳቤዋን ከጋቢዋ ሥር ደብቀው እየሄዱ ነው።

ክው አሉ። ከሱቁ ደረጃ ላይ ተቀመጡና “በዓይኔ ያየሁትን ትቼ ስልክ አመንኩ” አሉ ቀስ ብለው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዳግማዊት አጠገባቸው ተቀመጠች። ያቺ የምትጨፍረው ሴት ማን ትሆን ብለው ሲጠይቋት፣ አላውቅም አለች፤ አላውቅም ማለት ነውር እንዳልሆነም ነገረቻቸው። ዝናቡ አባርቶ ነበር።

በስምንት ሰዓት ስልሳ አንድ ሰው በአዳራሹ ተሰብስቧል። አለምዘውድ ከበሩ አጠገብ ብቻዋን አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ ጎኗ የሚቀመጥ ጠፍቷል። ጋሽ ወልደየስ ተነሡ፤ ደብዳቤዋን ግን አላወጡም። ከማንበባቸው በፊት አባላቱን ሁለት ነገር እንደሚጠይቁ ተናገሩ። ኢዮኤል ከጸሐፊው ወንበር ብድግ ብሎ ሕዝብ የፈረደውን መልሶ ማንሳት ጊዜ መግደል ነው አለ።

“ሕዝብ የፈረደው ሳይጠይቅ ነው። እኔም አብሬ ፈርጃለሁ። ያን ማታ አለምዘውድን ከዘፋኙ ዘንድ በዓይኑ ያያት ሰው እጁን ያንሳ።”

አንድም እጅ አልተነሣም።

“ዘፋኙ የዘፈነበት ያ ማታ ኅዳር ሚካኤል ነበር። በሚልኪያስ ድንኳን፣ ከዚህች ሴት እጅ ንፍሮ ዘግኖ የበላ እጁን ያንሳ።”

መጀመሪያ ሚልኪያስ ተነሥቶ ቆመ፤ እጁን አንሥቶ ያለቅሳል። ቀጥሎ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ አዳራሹን እጅ ሞላው። ኢዮኤል ብቻ ቀረ። እሱም ያን ማታ ንፍሮውን ሁለት ጊዜ አስደግሞ ነበርና፣ ጥቂት ታግሎ፣ እጁን አነሣ። “ሳልጠይቅ የበተንኩት እኔ ነኝ፤ ማረሚያውንም እኔው እጽፋለሁ” አለ።

ጋሽ ወልደየስ ደብዳቤዋን አውጥተው ከአራት ቀደዷት። ከዚያ ወደ በሩ ሄደው በሩን የደገፈውን ጡብ አነሡና ማጅራታቸው ላይ አድርገው፣ እንደ አገራችን ባህል፣ አለምዘውድ እግር ሥር ጎንበስ አሉ። ጋቢው መሬት ወደቀ። ሴትየዋ ደንግጣ ተነሥታ ጡቡን ከላያቸው ወሰደች፤ ጋቢውን አራግፋ መልሳ አለበሰቻቸው።

“ጋሼ፣ ብርድ ይገባዎታል” አለች። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ላጫውታችሁ። ምግብ ቤቱ በሳምንቱ ሞላ። የእማማ ወርቅውሃ አልጋ ዙሪያ ጠያቂ አላጣም፤ አሮጊቷ ሰው ሲያዩ ሳቃቸው ተመለሰ። እድሩም አንድ ደንብ አወጣ። ማንም ወሬ ከመላኩ በፊት ማን እንዳየው፣ የት ሆኖ እንዳየው፣ መቼ እንዳየው ይጠየቃል፤ ደስ የሚያሰኘንና የእኛን ወገን የሚያሞግስ ወሬ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይጠየቃል። በጥር ወር የውጭ ዜጎች ሱቅ ሁሉ ሊታሸግ ነው የሚል ወሬ ሲነዛ ሌላው ዕቃውን በግማሽ ዋጋ ሲጥል፣ የእኛ ሰዎች ኢዮኤልንና ዳግማዊትን ወደ ንግድ ፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ ላኩ። ወሬው መሠረት አልነበረውም፤ አንድም እድርተኛ ሱቁን አላጣም። ስለ ፖለቲካ ሲከራከሩም ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ የሚጠይቅ ሰው ለመጮህ ጊዜ የለውም።

በመጋቢት ወር ኢዮኤል እየሮጠ ጋሽ ወልደየስ ሱቅ መጣ። ያው ተራኪ አዲስ ቪዲዮ ለቋል፤ “የካምፓላው ታላቅ አባት ዐሥር ሺህ ሰው ሰብስበው እውነትን አነገሡ” ይላል። ዳግማዊት ሽሮ ልትገዛ መጥታ ነበርና ታያቸው ጀመር። አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው አንድ ጊዜ አዩት፤ ፊታቸው በራ። ደግመው አዩት። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁመው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

“ተጠየቅ” አሉት። “ስልሳ አንድ ሰው ነበርን። ዐሥር ሺሁን የት ሆነህ ቆጠርከው?”