የአቃቂዋ ወፍ ስም ይገባታል?
ሁለት የወፍ ተመራማሪዎችን፣ አንድ ሽማግሌ ዶክተርና ተማሪያቸውን፣ በባጃጄ አቃቂ ረግረጉ ዳር አደረስኳቸው። እዚያ በአንዲት ቡናማ ወፍ ስም ተጨቃጨቁላችሁ! ተማሪዋ «ይቺ ከቆላዋ ወፍ ትለያለች፤ የራሷ ሳይንሳዊ ስም ይገባታል» ስትል፣ እሳቸው «አንድ ዝርያ ናቸው፤ ቀድሞ የታተመው ስም ይበቃቸዋል» አሉ። ትመልስ እንደሆነ ሊፈትኑ የቆላዋን ዜማ በስልክ ለቀቁ። ከሸምበቆው ዝም!

ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሰውዬ ምን አገባኝ? ግን አላስቻለኝም። «ዶክተር፣ የሰፈራችንን ልጅ በባዕድ ዜማ ቢጠሯት መቼ ትመልሳለች?» ብዬ በልጅነቴ ከዚህችው ወፍ የቀዳሁትን ፉጨት ለቀቅኩት። ወዲያው መለሰችልኝ! ተማሪዋ በደስታ ዘለለች። ዶክተሩ ግን «አንድ ጊዜ ማስረጃ አይሆንም፤ ነገ እንደግመዋለን» አሉና ማስታወሻቸውን ገለጡ። «ስምህን ከነአባትህ ንገረኝ፤ ያፏጨው ማን እንደሆነ መጻፍ አለበት።» እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ ስሜን አስጽፌ አላውቅም።