ሰማያዊዎቹ የወለዷቸው ቡናማዎች

በጥርስ ክሊኒኬ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ አንድ የመስታወት ገንዳ አለ። ታካሚ የመሣሪያ ድምፅ እየሰማ ከሚንቀጠቀጥ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ነገር ይኑር ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። ዓሣ ስለማልወድ ዐሥር ሰማያዊ ሽሪምፖች ገዝቼ ጨመርኩበት። ሽሪምፕ ጣት የማታክል፣ ብዙ እግር ያላት የውሃ ፍጥረት ናት፤ ቀኑን ሙሉ የውሃ ሣር ላይ ስትለቅም ትውላለች። በሁለተኛው ወር ወለዱ። ከልጆቹ ጥቂት የማይባሉት ግን ቡናማ ሆነው ቁጭ አሉ። አንዱ ታካሚ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ዶክተር፣ እነዚህም ጥርሳቸውን ካልቦረሹት ወገን ናቸው?» አለኝ። ክፍሉ ሙሉ ሳቀ። የእኔ ግን ቆሽቴ አረረ።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ወደ ሻጩ ሱቅ ገሰገስኩ። ጠባብ ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ከወለል እስከ ጣሪያ በገንዳ የተሞላ፣ የአየር መንፊያዎቹ ያለማቋረጥ የሚንቦጫረቁባት። አርቢው ሽማግሌ እርጥብ ሽርጥ አገልድመው በትንሽ መረብ ሽሪምፕ እየለዩ ነበር። ከጀርባቸው ምራታቸው የሦስት ወር ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሁለቱ እንደተኳረፉ ያስታውቃል፤ እኔ ግን በራሴ ንዴት ስለተያዝኩ ልብ አላልኩትም።

«ጋሼ፣ ድብልቅ ነው የሸጡልኝ!» አልኩ ሰላምታዬን እንኳ ሳልጨርስ። «ሰማያዊ ብለው ሰጥተውኝ ቡናማ ወለዱ። ወይ አጭበርብረውኛል፣ ወይ እናቲቱ ሌላ ወንድ አግኝታለች።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ቀስ ይበሉ ዶክተር። ከእኔ ከወሰዷቸው ሌላ የጨመሩት አለ?»

«አንድም።»

«እንግዲያው እናቲቱን ለምን ይወነጅሏታል? ሽሪምፕ በዱር ሳለች ቡናማ ናት። ሰማያዊ ያደረግናት እኛ ነን፤ ሰማያዊ ሰማያዊውን እየለየን፣ ሌላውን እያወጣን። የጥንቱ ቀለም ግን የትም አልሄደም። አባትም ላይ አይታይም፣ እናትም ላይ አይታይም፤ ሁለቱ የደበቁት ሲገናኝ ልጅ ላይ ብቅ ይላል። እንዴት ሰው መልክ ብቻ አይቶ ዘር ይቆጥራል? ይህን የማያውቅ ሽሪምፕ አያርባ!»

«እሰይ!» አለች ምራታቸው ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ። «እሰይ አባባ! እስቲ ይድገሙት!»

የሽማግሌው ፊት ተለዋወጠ። «አንቺ ዝም በይ። ደንበኛ ፊት ነው።»

«ዝም አልልም። እኔንም የሚያሙኝ ደንበኛ ፊት ነው። ዶክተር፣ እርስዎ ይፍረዱኝ። እኔም ባሌም ቀላ ያልን ነን። ልጃችን ጠቆር ብሎ ተወለደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ ለገባ ለወጣው ‹ይሄ ከእኛ ቤት አይደለም› ይላሉ። ባሌም አባቱን መድፈር አቅቶት አባትነቱን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ ቀጠሮ ያዘ። ይኸው ደጅ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ ነው። አልሄድም! ወይ ዛሬ ቃልዎን ይሽራሉ፣ ወይ ልጄን ይዤ እናቴ ቤት እገባለሁ።»

አፈርኩ። ከአፍታ በፊት እኔም ጣት በማታክል ፍጥረት ላይ ያንኑ ነገር ተናግሬ ነበር፤ ያውም እየጮህኩ።

«ሰው ሽሪምፕ አይደለም!» አሉ ሽማግሌው ገንዳውን በመረቡ እጀታ እየመቱ።

«ልክ ነዎት፣ አይደለም» አልኩ። «የሰው ቆዳ ቀለም እንዲያውም ከብዙ ውርስ ተደምሮ የሚመጣ ነው። ከአንድ እናትና አባት አንዱ ቀላ፣ ሌላው ጠቆር ብሎ ቢወለድ ምን ይደንቃል? ለሽሪምፕ የሰጡትን ፍርድ ለምራትዎ ይነፍጋሉ?»

«እሺ፣ ይሁን። ንጹሕ ከሆነች ታዲያ ምርመራው ምን ያስፈራታል? ጠብታ ደም ነው። ነገሩ ይቆረጣል።»

እውነቱን ለመናገር ይህ ለእኔም መልስ ያለው አልመሰለኝም። የላብራቶሪ ወረቀት የምወድ ሰው ነኝ። እሷ ግን አልተበገረችም።

«አልፈራሁም፤ እምቢ ነው ያልኩት! ወረቀቱ ‹የልጅዎ ልጅ ነው› ቢል ደስ ብሎዎት ይስሙታል። የሳሙት ግን ወረቀቱን ነው። ነገ ሌላ ልጅ ወልጄ አፍንጫው ባያምርዎ ደግሞ ሌላ ምርመራ ሊሆን ነው? ይሄ ልጅ አድጎ ‹አያቴ መቼ ነው ያመነኝ?› ቢለኝ ‹ውጤት የመጣ ቀን› ልበለው? ሰማይ ዝቅ መሬት ከፍ ቢል አላደርገውም!»

ሽማግሌው በአፉ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እናቴም እኮ ጠቆር ያለች…» ብለው ጀመሩ።

«እሳቸውን አያምጧቸው!» አለች ምራታቸው። «እናትዎ ቀላ ያሉ ቢሆኑ ኖሮ እኔ ጥፋተኛ ልሆን ነበር?»

እኔም ከእሷ ተቀብዬ ቀጠልኩ። «ጋሼ፣ ያንን ቃል ቢሽሩ ልጅዎ በሚስቱና በአባቱ መካከል ሲንገላታ አይኖርም። ምራትዎ እዚህ ቤት አንገቷን ቀና አድርጋ ትገባለች። ልጁም በመልኩ ሳያፍር ያድጋል። እርስዎም ለደንበኛ የሚያስተምሩትን ራስዎ ይኖሩበታል። ነገ ደግሞ ሌላ እናት በልጇ መልክ ስትታማ፣ ሰፈሩ ‹እኔም እንደዚሁ ተሳስቼ ነበር› ብሎ የሚመሰክር አንድ ሽማግሌ ያገኛል። ስንቱ ትዳር…»

«ይብቃዎ ዶክተር! ጥርስ እንደሚነቅሉ ሆነው ያዙኝ እኮ» አሉ ሽማግሌው። ከባልዲው ተነሥተው ሽርጣቸውን ሳይፈቱ ወደ ውጭ ወጡ። ተከተልናቸው።

«ቀጠሮውን ሰርዘው» አሉት ልጃቸውን በመኪናው መስኮት። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን አንተስ? ሚስትህን ብቻዋን ለእኔ ምላስ ትተዋታለህ?»

ባልየው ከመኪናው ወርዶ አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ዞረው ሕፃኑን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። ምራታቸው አልሰጠቻቸውም።

«መጀመሪያ ይንገሩኝ። የማን ልጅ ነው?»

«የልጄ ልጅ ነው።»

«አልተሰማም። ሲያሙኝ ማዶ ልብስ ሰፊው ድረስ ነበር የሚሰማው።»

ሽማግሌው አንዴ እሷን፣ አንዴ ማዶውን ተመለከቱ። ከዚያ ደረታቸውን ነፍተው መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ ጮኹ፤ «የልጄ ልጅ ነው! የራሴ ነው! ሌላ ያልኩት እኔ ዋሽቼ ነው!»

የልብስ ሰፊው የስፌት መኪና ድምፅ ቆመ። ምራታቸው ሁለት ጊዜ እንድታስጮኻቸው ንዴቷ ገፋፍቷት እንደነበር በኋላ ነግራኛለች። ያን ጊዜ ግን ልጇን ከእቅፏ አውጥታ ክንዳቸው ላይ አኖረችው።