ልብሱን ማን ይጠብቅ?

ታላቅ ወንድሜ ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን፣ ሳን ሆሴ ሆስፒታል ልጠይቀው ከኦክላንድ በባቡር ስሄድ አንዲት ሴትና አማቷ ከፊቴ ተቀምጠው ያወሩ ነበር።

«የምትሄዱበት የቱርኩ አንታልያ ባሕር ጥልቅ ነው አሉ። ልጆቹን ማን ያያቸዋል?»

«እኔ። አብሬያቸው እገባለሁ።»

«አንቺ?»

«ክላስ ወስጄ የለ እማማ። በአርባ ዓመቴ ዋና ቻልኩ።»

«እናት ዳር ሆና ልብስ ትጠብቃለች እንጂ።»

«ሐይቅ በሄድን ቁጥር ስጠብቅ ኖሬያለሁ። አሁን ትልቋ ‹ማይ ማም ካን ስዊም› እያለች ሰፈሩን አዳርሳለች።»

«ታዲያ ልብሱን ማን ይጠብቅ?»

«እርስዎ ነዎታ። ቲኬትዎን ቆርጠናል።»



«እኔ ከያዝኩትማ ማንም አይነካውም።»

በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ አርፎ በዚያው ባቡር ስመለስ፣ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ቢሆንም ከሆስፒታል የሰጡኝን ልብሱን ከጭኔ አላወረድኩም።