የሰባተኛው ማማ ትኩሳት

ከምሳ ሰዓት በኋላ፣ ከከተማ የሦስት ሰዓት መንገድ በሚርቅ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ኮረብታ ላይ፤ ጣቢያውን ብቻቸውን የሚጠብቁት ቴክኒሻን ጋሽ አጥናፉ፣ በሁለት ወር ውስጥ ለአራተኛ ጊዜ ብልሽት ልታይ የመጣችውን ኢንጂነር አይናለምን ሰባተኛው ማማ በር ላይ አግደው ቆመዋል።

አጥናፉ፦ መጀመሪያ ብዪ አልኩ። ማሽኑ የትም አይሄድም።

አይናለም፦ ጋሼ፣ በሩን ይክፈቱልኝ። መንገድ ላይ በልቻለሁ።

አጥናፉ፦ ምን በላሽ?

አይናለም፦ ብስኩት።

አጥናፉ፦ ብስኩት ምሳ ከሆነ እኔም ኢንጂነር ነኝ። ሽሮው ለሁለት ሰው ነው የተሠራው። የምትወጂውን ቃሪያም ትናንት ከገበያ አስመጥቻለሁ።

አይናለም፦ ትናንት? የማስጠንቀቂያው መብራት የበራው እኮ ዛሬ ጠዋት ነው።

አጥናፉ፦ ቃሪያ ቢያድር ምን ይሆናል? በይ ግቢ።

አይናለም፦ ኧረ ይሄ የመቀየሪያዎቹ ሳጥን ያቃጥላል። እጅዎን ያስጠጉ እስቲ።

አጥናፉ፦ አውቀዋለሁ። ብርድ ሲሆን ጀርባዬን የማሞቀው በእሱ ነው።

አይናለም፦ በዚህ ሙቀት ስንት ቤት መብራት ያገኝ ነበር። እዚህ ውስጥ ያሉት ሁለቱ የኃይል መቀየሪያዎች ነፋሱ የሰጠውን ኃይል እኩል ተካፍለው ወደ መስመሩ መላክ ነበረባቸው።

አጥናፉ፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

አይናለም፦ ጌጥ የሚሆነው እኩል ሲራመዱ ነው። አንዱ ለቅጽበት ከቀደመ፣ ኃይሉ ከዚህኛው ወጥቶ እዚያኛው ውስጥ ይገባል፣ ዞሮ ይመለሳል። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ። መስመሩ የሚደርሰው ይቀንሳል፣ እነሱ በከንቱ ይግላሉ።

አጥናፉ፦ እርስ በርስ ይጨዋወታሉ በይዋ።

አይናለም፦ እየተቃጠሉ?

አጥናፉ፦ ለብቻ ከመብረድ ሳይሻል አይቀርም።

አይናለም፦ ጋሼ፣ ባለፈው ሁለቱን እኩል አድርጌ፣ የማስተካከያውን ቁጥር ጽፌ ነው የሄድኩት። ከዚያ በፊትም እንደዚሁ።

አጥናፉ፦ ነፋሱ ይሆናል። እዚህ ነፋስ የማይነካው ነገር የለም።

አይናለም፦ ነፋስ ቁልፍ አይጫንም።

አጥናፉ፦ ጦጣም አለ።

አይናለም፦ ጦጣ የይለፍ ቃል ታውቃለች? ለአደጋ ጊዜ ብዬ የሰጠሁት ለአንድ ሰው ነው።

አጥናፉ፦ ሽሮው እየቀዘቀዘ ነው።

አይናለም፦ ዋናው መሥሪያ ቤት ምን እንዳሉኝ ልንገርዎት። አራት ጊዜ ተመላልሳ ያላዳነችው ማሽን ካለ፣ ጉድለቱ ከእሷ ነው ብለዋል። ዛሬ ምክንያቱን ጽፌ ካልተመለስኩ ከሰኞ ጀምሮ ቢሮ ቁጭ ብዬ ወረቀት ልደረድር ነው። እዚህ ሌላ ሰው ይመድባሉ።

አጥናፉ፦ አንቺን ነው እንዲህ የሚሉት?

አይናለም፦ እኔን።

አጥናፉ፦ እኔ እኮ የሚያሙት ማሽኑን መስሎኝ።

አይናለም፦ ማሽን ይታማል ጋሼ?

አጥናፉ፦ ስሚኝ ልጄ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ግን አላሳድረውም። እኔ ነኝ። አንቺ ያስተካከልሽውን ቁጥር ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ፈቀቅ አደርገዋለሁ። መብራቱ ይበራል፣ አንቺ ትመጫለሽ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እዚህ ስሜን የሚጠራ የለም። ስልክ ሲደውሉ እንኳ «ጣቢያ ሦስት» ነው የሚሉኝ። ጻፊው። የአጥናፉ እጅ ነው በይ።

አይናለም፦ ከጻፍኩት ያባርሩዎታል።

አጥናፉ፦ ያባርሩኝ። ያንቺን እንጀራ ዘግቼ የኔ አይዋጥልኝም።

አይናለም፦ እንግዲያው ቁጥሩን በራስዎ እጅ ይመልሱት። ቀስ ብለው። አዎ፣ እዚያ ላይ። አዩ፣ እኩል ሆኑ።

አጥናፉ፦ እኩል ሆኑ። አሁን ሳጥኑ ይበርዳል። ምን ልትጽፊ ነው?

አይናለም፦ «ማስተካከያው ያለ አግባብ ተነክቶ ነበር፤ ተመልሷል፤ የይለፍ ቃሉም ተቀይሯል።» ማን ነካው ካሉኝ፣ ቃሉን ያለ ቦታው የሰጠሁት እኔ ነኝ እላለሁ።

አጥናፉ፦ ከእንግዲህ አትመጪማ።

አይናለም፦ ማሽኑ እኮ ቁልፉ የተነካበትን ቀንና ሰዓት ይመዘግባል ጋሼ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ አውቄያለሁ።

አጥናፉ፦ አውቀሽ? ታዲያ ሦስተኛውን ምን ልታደርጊ መጣሽ? ዛሬስ?

አይናለም፦ ከተማ ውስጥ ምሳ በላሽ ወይ የሚለኝ ሰው የለማ።